ልጆች በየቀኑ በቂ እንዲንቀሳቀሱ ምን እናድርግ? ለሰሜን ሸዋ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

የመንዝ እረኛ ልጅ «አካላዊ እንቅስቃሴ» የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ከብቶቹን አስነስቶ ሲወጣ፣ የሸሸች በግ ሲመልስ፣ ገደል ወርዶ ውኃ ሲቀዳ ግን እግሩም ሳንባውም ሥራ ላይ ናቸው። ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያድገው የአክስቱ ልጅ በባጃጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ቁጭ ብሎ ይማራል፣ በባጃጅ ይመለሳል፣ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ይነካካል። የከተማው ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የገጠሩ ልጅ የሚሮጥበት ቦታና ምክንያት አለው፤ የከተማው ሁለቱንም አጥቷል።

ጤነኛ ልጅ ለመሮጥ ምክር አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ የሚከለክለው እኛ አዋቂዎቹ የዘጋንበት በር ነው። «ልብስህን ታቆሽሻለህ»፣ «ብርድ ይመታሃል»፣ «መንገዱ መኪና ነው»፣ «መጀመሪያ የቤት ሥራህን»። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ጭንቀት ነው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ልጁን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሮቹን አንድ በአንድ ስለመክፈት ነው።

በቂ የሚባለው ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ልብን በደንብ የሚያስመታና ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር ሊኖር ይገባል፤ ሩጫ፣ ዝላይ፣ ዳገት መውጣት፣ ዛፍ ላይ መንጠልጠል። 60 ደቂቃው በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም። ሩብ ሰዓት በትምህርት ቤት መንገድ፣ 20 ደቂቃ በዕረፍት ሰዓት፣ ቀሪው ከሰዓት በኋላ ሰፈር ውስጥ ቢሆን ይደመራል።

«መካከለኛ» የሚባለውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ እየተንቀሳቀሰ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው መካከለኛ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሹ የሚቆረጥ ከሆነ ከባድ ነው። እንደልቡ እየዘፈነ ከሆነ ገና አልጀመረም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ለክረምት ዘመድ ጋ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሰሞን ቶሎ ቢያለከልክ አይግረማችሁ። ጥቂት ቀን ስጡትና ከሰፈሩ ልጆች እኩል ይሮጣል።

ለትንንሾቹ መለኪያው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የዚሁ ድርጅት መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀኑ ውስጥ ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው። 3 እና 4 ዓመት ከሆናቸው ከዚህ ውስጥ 60 ደቂቃው ጠንከር ያለ ይሁን። ይህ ቁጥር ብዙ ይመስላል እንጂ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚውል ሕፃን ሳታስቡት ይሞላዋል። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ደግሞ ነቅቶ ሳለ በሆዱ ተኝቶ ቀና ቀና እያለ መጫወት ይኖርበታል፤ ተከፋፍሎ በቀን 30 ደቂቃ። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው።

አያቶችን የሚያስቆጣው ምክር የአንቀልባው ነው። ሕፃን በተከታታይ ከ1 ሰዓት በላይ ታዝሎ እንዳይቆይ መመሪያው ይመክራል። አንቀልባ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በደጋው ብርድ የእናት ጀርባ የሚያህል ሙቀት የለም። ነገር ግን እንጀራው ሲጋገርም፣ ገበያ ሲኬድም፣ ቡና ሲፈላም ጀርባ ላይ የሚውል ልጅ እግሩን የሚዘረጋበት ጊዜ የለውም። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም አጎዛ አንጥፋችሁ ከምድጃውና ከከሰሉ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እሳቱ ባለበት ክፍል ከሆነ አንድ ሰው ዓይኑን እንዳይነቅልበት።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን ተመልከቱ

ምንም ነገር ሳትቀይሩ ሁለት የትምህርት ቀንና አንድ እሑድ ልጃችሁን ታዘቡት። ያረጀ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ተንቀሳቀሰ፣ ሊንቀሳቀስ ሲል ማን በምን ምክንያት አስቆመው። ዋናው ሦስተኛው ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ገጹ ቶሎ ይሞላል፤ «ዝም ብለህ ቁጭ በል» የሚለው ቃል በቀን ስንቴ ከአፋችን እንደሚወጣ የሚታወቀው ሲጻፍ ነው። ልጁ ግማሽ ቀን ብቻ የሚማር የፈረቃ ተማሪ ከሆነ ቀሪውን ግማሽ ቀን በተለይ ተመልከቱት፤ ትልቁ ዕድልም ትልቁ ብክነትም እዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ የልብሱን፣ የጫማውንና የብርዱን ክልከላ አንሱ

ከሁሉ ርካሹና ፈጣኑ እርምጃ የመጫወቻ ልብስ መለየት ነው። ውኃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ዩኒፎርም በየቀኑ ማጠብ እናትን ያማርራል፤ ስለዚህ ልጁ እንዳይወድቅ፣ እንዳይንበረከክ፣ እንዳይንሸራተት ትከለክላለች። የተጣፈ ሱሪና ያረጀ ሹራብ በር ሥር ባለ ምስማር ላይ ስቀሉለት። ከትምህርት ቤት እንደገባ ይቀይር፣ ከዚያ በኋላ በልብሱ ጉዳይ ማንም አይናገረው። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ አድርገው ብዙ ለውጥ ያዩ ቤቶች አሉ።

ጫማም እንደዚያው ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የተገዛው ጫማ ኳስ ሜዳ አይወጣም። ግን «ጫማው ይጨረሳል» ተብሎ ባዶ እግሩን አይለቀቅ። በደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ለዝሆኔ በሽታ ያጋልጣል፤ እሾሁና ስባሪ ጠርሙሱ ሳይቆጠር። ኮንጎ ጫማ ወይም በልኩ የሆነ ያገለገለ ሸራ ለጨዋታ ይበቃል። ሲገባ እግሩን በሳሙና ይታጠብ።

ብርዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ አካባቢ ትልቁ ግንብ እሱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መሐል ሜዳ ጠዋት ውርጭ ይሆናል። ልጅ ከወጣ ሳንባ ምች ይይዘዋል ብለን እንሰጋለን። ሳንባ ምችን የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው። በጭስ በታፈነ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መዋል ለሕፃን ሳንባ ንጹሕ አየር ላይ ከመሮጥ ይልቅ ጎጂ ነው። የእናቶች ፍራቻ መሠረት የሌለው ነው ግን አልልም። ልጁ ወፍራም ጃኬት እንደለበሰ ሮጦ ያልበዋል፣ ይቆማል፣ ላቡ ይቀዘቅዝበትና ይንዘፈዘፋል። መፍትሔው ልብሱን በንብርብር ማድረግ ነው፤ ከሥር ካናቴራ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ጃኬት። ሲሮጥ የላዩን ያውልቅ፣ ሲቆም መልሶ ይልበስ፣ ቤት ሲገባ ላብ የነካውን ካናቴራ በደረቅ ይቀይር። ጆሮውን የሚሸፍን ኮፍያ አይርሳ። ቀትር ላይ ደግሞ በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ከምንገምተው በላይ ትፋጃለችና ጥላ ያለው ባርኔጣ ይሻለዋል።

ስለ መውደቅና መጫር ብዙ አልናገርም። ጉልበቱ ላይ ጠባሳ የሌለው ልጅ አላውቅም። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ልቀቁት። ራሱን ከተመታና ካስታወከ ወይም ከደነዘዘ ግን ወዲያው ወደ ጤና ተቋም።

ደረጃ 3፦ የትምህርት ቤቱን መንገድ መልሱለት

በቀን ሁለት ጊዜ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ እንቅስቃሴ ይህ ነው። ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር በሩብ ሰዓት ግድም ይሄደዋል፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት፣ ማለትም የቀኑ 60 ደቂቃ ግማሽ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከሆነ ባጃጁ ወይም ጋሪው ሙሉውን መንገድ አይውሰደው፤ የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በእግሩ ይጨርስ።

እንቅፋቱ የአዲስ አበባ ደሴ አውራ ጎዳና ነው። ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሲኖትራኩና ነዳጅ ጫኙ ደግሞ ለልጅ አይቆምም። ስለዚህ መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ ከልጁ ጋር መንገዱን ተጓዙት። አስፋልቱን የሚያቋርጥበትን አንድ ቦታ ምረጡ፤ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ራቅ አድርጎ የሚያሳይ፣ ከመታጠፊያና ከቆመ መኪና የራቀ ይሁን። የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ ጠርዝ ይሂድ፤ መኪናው ከፊት ለፊቱ ስለሚመጣ ያየዋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ እሱ እየመራ እናንተ ከኋላ ተከተሉት። የት እንደሚቆምና የት እንደሚዘነጋ የምታዩት ያኔ ነው።

ከ9 ወይም ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አስፋልት ባያቋርጥ ይመረጣል። እዚህ ላይ ጎረቤት ያስፈልጋል። አምስት ስድስት ልጆች አንድ ደጃፍ ላይ ተሰብስበው አንድ ወላጅ ይዟቸው ይሂድ፤ ተራው እንደ ዕቁብ ይዙር። ሰኞ የእነ እገሌ አባት፣ ማክሰኞ የእናንተ። የገጠር ልጆች ትልቁ ትንሹን ይዞ እንደሚሄደው ማለት ነው። ጅብ በሚፈራበት ወይም የጸጥታው ነገር በማያስተማምንበት ጊዜ መንገዱን ትታችሁ የግቢ ጨዋታውን አስፉ። ይህን የምትወስኑት የአካባቢያችሁን ሁኔታ የምታውቁ እናንተ ናችሁ።

መላላክም መንገድ ነው። ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ አያት ጋ ሰሐን መመለስ። ዕቃው እንዳይረሳ ቶሎ ብሎ የሚመለስ ልጅ ያለከልካል፤ ያ ይቆጠራል።

ደረጃ 4፦ ጨዋታን ከቤት ሥራ አስቀድሙ

ይህ ብዙ ወላጅ የማይስማማበት ነው፤ እኔ ግን እጸናበታለሁ። ልጁ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቤት ይገባል። መሸትሸት ሲል፣ 12 ሰዓት ግድም፣ ውጭው ለልጅ አይሆንም። «መጀመሪያ የቤት ሥራህን ጨርስ» ካልነው ሲጨርስ ጨልሟል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ልጅ ደግሞ እንደገና ቁጭ ቢል አይኑ ደብተር ላይ፣ ልቡ ውጭ ነው፤ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ ሁለት ሰዓት ይጎትተዋል።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ልብስ ይቀይር፣ መክሰስ ይብላ፣ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይጫወት፣ ታጥቦ ገብቶ በመብራት ይሥራ። መክሰሱ ላይ እኛ አካባቢ የታደልን ነን፤ ገብስ አለን። በሶ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ጭብጦ ጨብጦ መውጣት፣ ያም ካልሆነ ጥቂት ቆሎ፣ ለሚሮጥ ልጅ ከብስኩትና ከለስላሳ የተሻለ ነው። ምሳውን በደንብ ያልበላ ልጅ ሜዳ ዳር ቁጭ ቢል ስንፍና እንዳይመስላችሁ።

ማጠናከሪያ ትምህርት የሚወስድ ከሆነ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ነፃ ከሰዓት ይተውለት። የማጠናከሪያው ቦታ በእግር የሚኬድበት ከሆነ ሌሎቹ ቀናትም ባዶ አይሆኑም።

ደረጃ 5፦ ጨዋታውን እንዲያውቁት አድርጉ

የዛሬ ልጆች አይጫወቱም እያልን እናማርራለን እንጂ ጨዋታዎቹን ማን አስተማራቸው? ድሮ ትልቁ ልጅ ለትንሹ ያወርስ ነበር። አሁን ትልቁ ስልክ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን እናንተ ወርዳችሁ ማስጀመር ሊኖርባችሁ ነው። አንዴ ከተነሣ በኋላ እናንተ አታስፈልጉም፤ እንዲያውም ብትገቡ ታበላሹታላችሁ።

ለትንንሾቹ አኩኩሉና መሐረቤን ያያችሁ ይበቃሉ። መሐረቤ ላይ የሚሮጠው አንድ ሁለት ልጅ ብቻ ስለሆነ ክቡን አሳንሱት፤ ስድስት ስድስት ልጅ ቢሆን ተራው ቶሎ ይደርሳል። አባሮሽና ሌባና ፖሊስ ከሁሉም በላይ ያስሮጣሉ።

ሰኞ ማክሰኞ ከሰልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ ይፈልጋል። በአንድ እግር መዝለሉ ለአጥንትና ለሚዛን የታዘዘ መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል። ሱዚና የገመድ ዝላይ ደግሞ ልብ ያስመታሉ፤ 10 ደቂቃ ሳያቋርጡ ገመድ ዝለሉና ሞክሩት፣ ልጅን «ይሄማ ጨዋታ ነው» ብላችሁ አትንቁትም። ለሱዚ የሚሆነው ላስቲክ ከሱቅ ይገዛል፤ የተቀደደ የብስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ ተቆርጦም ይሠራል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ መኪና የማይቆምበትን አንድ ጥግ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ለልጆች አስከብሩ። ሁለት ሜትር በአራት ሜትር ለሱዚም ለሰኞ ማክሰኞም ይበቃል።

ኳስ የሌለበት ሰፈር የለም። ችግሩ ጎበዞቹ ይጫወታሉ፣ ሌሎቹ ይመለከታሉ። ሜዳውን ከፋፍላችሁ በሦስት በሦስት አጫውቷቸው፤ ትንሽ ሜዳ ላይ ሁሉም ኳስ ይነካል፣ ሁሉም ይሮጣል። የካልሲ ኳስ ለዚህ ከእውነተኛው ይሻላል፤ ሩቅ አይሄድም፣ መስተዋት አይሰብርም። ማየት የተሳነው ልጅ ካለ ጠጠር የገባበት ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ኳሱ ውስጥ ጠቅልሉ፤ በድምፁ ይከተለዋል። በክራንች የሚሄደው በረኛ ይሁን፣ ወይም መወርወር ያለበትን ጨዋታ ምረጡ። ዳኛ አድርጎ ጥግ ማቆም ግን ጨዋታ ማስገባት አይደለም።

የገናን ጨዋታ መርሳት ነውር ይሆንብናል። አበበ ቢቂላ የተወለደው ከመንዲዳ ብዙ በማይርቅ ጃቶ በሚባል መንደር ነው፤ በልጅነቱ ይጫወት የነበረው ገና ነበር። በዚያ ዘመን የሁለቱ ወገኖች ግብ አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች ይራራቅ ነበር፤ ጥንጉን ይዞ እዚያ ድረስ መሮጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. መገባደጃ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሰው እግሩን ያፈታታው በዚህ ሜዳ ላይ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ለልጆች ስታስጀምሩ የእንጨቱን ጥንግ በጨርቅ ኳስ ተኩት፤ ዱላው ከወገብ በላይ እንዳይነሣ ሕግ አውጡ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ለአዋቂዎች የተባለ ነው፤ የልጅ ጥርስ ግን ይቆጣል። ደግሞ ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ መጠበቅ የለም። እህሉ ከታጨደ በኋላ ያለው ማሳ ሁሉ ሜዳ ነው፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

በዓላትም እንቅስቃሴ ናቸው። የቡሄ ሆያ ሆዬ ከቤት ቤት ሲዞርና በዱላ መሬት ሲደበድብ የሚያመሽ ልጅ፣ አበባየሆሽ የምትል ልጅ፣ ጥምቀት ላይ ታቦት አጅበው የሚጨፍሩ፣ 60 ደቂቃውን ብዙ ጊዜ አልፈውታል። ጅራፍ ማጮህ ለትከሻ ጥሩ ነው፤ ከሰው ፊት ይራቅ እንጂ።

ደረጃ 6፦ ለክረምቱ፣ ለቆላውና ለጾሙ ሌላ ሰዓት አበጁ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ደጋው ጭቃ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። ቦት ጫማ ያለው ልጅ ጭቃው ላይ ይሂድ፤ ሲመለስ በር ላይ ይታጠብ። መውጣት በማይቻልበት ቀን ቤት ውስጥ ሙዚቃ ክፈቱና እስክስታ ይውረዱ። ስቀልድ አይደለም። ሳያቋርጡ 15 ደቂቃ እስክስታ የወረደ ሰው ያልበዋል፤ አባትም ከገባበት ደግሞ ልጆቹ ለማቆም እንቢ ይላሉ። የእንቁራሪት ዝላይ፣ ፑሽ አፕ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጥቶ መውረድ፣ ባልዲ ውስጥ ካልሲ መወርወር ተራ በተራ ይሁን።

ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ፣ ጠላቱ ሙቀቱ ነው። ጨዋታው ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ በዛፍ ጥላ አቅራቢያ ይሁን፤ ውኃ በየ20 ደቂቃው ይጠጣ፣ «ጠማኝ» እስኪል አይጠበቅ። ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ጥላ ሥር አስገቡት፣ ውኃ ስጡት፣ ሰውነቱን በእርጥብ ጨርቅ አብርዱት። በወባ ወቅት ሲመሽ ቤት ይግባ፣ ሌሊት አጎበር ውስጥ ይተኛ። ወንዝ ውስጥ መዋኘት የልጅ ደስታ ቢሆንም ላይኛው አገር ዘንቦ ደራሽ ውኃ ሊመጣ ይችላል፣ ዝግ ያለ ውኃ ደግሞ ቢልሃርዝያ ሊያስይዝ ይችላል። አዋቂ በሌለበት አይግቡ።

ፍልሰታን የሚጾሙ ልጆች ብዙ ናቸው። እስከ ቅዳሴ ሰዓት የሚጾም ልጅ ከባዱን ሩጫ ከምግብ በኋላ ያድርገው፤ ከዚያ በፊት እንደ ሰኞ ማክሰኞ ያለ ቀለል ያለ ጨዋታ ይበቃዋል። በረመዳንም የሚጾም ታዳጊ ከኢፍጣር በኋላ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል፤ ውኃ ሳይጠጣ በቆላ ፀሐይ ኳስ ማሳደድ አደገኛ ነው።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወር አንዴ ረጅም የቤተሰብ ጉዞ ብታደርጉ ሸዋ መልክዓ ምድሯ ራሱ ያስተምራል። የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ፣ ጣርማ በር አጠገብ ያለው የምኒልክ መስኮት፣ ወፍ ዋሻ ደን፣ ለመንዝ ሰው ጓሳ። ጭላዳ አያለሁ ያለ ልጅ ዳገቱን ሳይታወቀው ይወጣዋል። ለጭላዳ ግን ምግብ አይስጥ።

ደረጃ 7፦ ስልኩን ቦታ ስጡት

ስልክ ቀምቶ ምንም ሳይተኩ ልጅን ማስቀመጥ ጠብ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ከላይ ያሉት ከተስተካከሉ በኋላ ሕጉ አጭር ይሁን፦ ስልክም ቴሌቪዥንም ከጨዋታና ከቤት ሥራ በኋላ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ። ማታ ስልኩ ወላጅ ክፍል ቻርጅ ይደረግ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ። ሕጉ አባትንም ይመለከታል። እራት ላይ ስልክ የሚያገላብጥ አባት ያወጣው ሕግ ሁለት ቀን አይቆይም። መብራት የጠፋ ምሽት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ደጅ እንደሚፈሉ ልብ ብላችኋል? ያኔ የሚጫወቱት ያው የእናንተ ልጆች ናቸው።

ሴት ልጆችና የቤት ሥራ ጫና

የዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው የ2016 እ.ኤ.አ. ግምት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት በዓለም ደረጃ 81 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶቹ 78፣ ከሴቶቹ 85 በመቶ። ሴቶቹ ለምን እንደሚብሱ እኛ ቤት ማየት ይበቃል። ወንዱ ኳስ ይዞ ሲወጣ እህቱ ወጥ ታማስላለች። ውኃ መቅዳትና መጥረግ ሰውነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ግን 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ የ10 ዓመት ልጅ ደግሞ ራሷ 30 ኪሎ ላትሞላ ትችላለች። ይህ እንቅስቃሴ ሳይሆን ጫና ነው። የ5 ሊትሯን ስጧትና ሁለቴ ትመላለስ፤ ወንድሟም ይቅዳ። ሥራው ከተከፋፈለ ሁለቱም ከ10 ሰዓት በኋላ ይወጣሉ።

የወር አበባ ስትጀምር ብዙ ልጆች ከስፖርት ይወጣሉ። መሮጥ አይጎዳትም፤ እንዲያውም ቁርጠቱን ለአንዳንዶች ያቀልላቸዋል። የሚያስፈልጋት ሞዴስ፣ ከቀሚሷ ሥር ታይት ወይም ሱሪ፣ እና የማይሳለቅባት መምህር ነው። በወላጅ መምህር ስብሰባ ላይ ይህን አንሡ። እግረ መንገዳችሁን ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ወደ ሜዳ ይወጣሉ ወይ? የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜስ ለሒሳብ ማካካሻ አይወሰድም ወይ?

«አልፈልግም» ሲል

መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ። የሚያሾፉበት ልጆች ይኖራሉ፣ ጫማው ጠቦት ይሆናል፣ እንቅልፉን አልጠገበም ይሆናል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚሆን እንቅልፍ ማግኘት ይኖርበታል። «አንተ ወፍራም»፣ «እንደ ወንድምህ ብትሆን» ማለት ልጁን ወደ ሶፋው ይመልሰዋል። ሩጫን ቅጣት አታድርጉ፤ ባጠፋ ቁጥር ሜዳ ዙር የተባለ ልጅ ሜዳን ይጠላል። ጨዋታ መከልከልንም ቅጣት አታድርጉ። ምርጫ ስጡት፤ «ትወጣለህ ወይስ አትወጣም» ሳይሆን «ገመድ ነው ወይስ ኳስ?»። ኳስ የማይወድ ታዳጊ ብስክሌት፣ ውዝዋዜ፣ ወይም ከአባቱ ጋር አጥር ማጠርና ጓሮ መቆፈር ሊወድ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ ብቻ ጠይቁት፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ።

ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች

አስም ያለበት ልጅ ከጨዋታ አይከልከል፤ ቀስ ብሎ አካሉን ያሟሙቅ፣ በውርጭ ሰዓት አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ይሸፍን፣ የሚነፋውን መድኃኒት ሐኪም እንዳዘዘው በኪሱ ይያዝ። ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን የሚስት፣ ከእኩዮቹ በጣም ቀድሞ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ልጅ መጀመሪያ ይታይ። በተለይ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው ያበጠና ያቃጠለው ልጅ ካለ፣ ነገሩ ልብን የሚጎዳ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ውሰዱት። ምርመራው እስኪያልቅ ከሩጫ ይረፍ፤ ውጤቱንም የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ይወቀው።